ቁጥር ሠላሳ አንድ

የብስኩት ቆርቆሮ፤ ክዳኑ የዛገ፣ ጠርዙ የጎደጎደ፣
ዛሬም ስከፍተው የሉል ሳሙና ሽታ ቀድሞኝ ወደዚያ ሄደ።
ሠላሳ ዘጠኝ ሴቶች፣ የጣት ቁመት ያላቸው፣
ቀዩ ቀለም ከከንፈራቸው መስመር አልፎ የፈሰሰባቸው።
አንዷ ትከሻዋን በላባ ጋርዳ፣
አንዷ የማታጨሰውን ሲጃራ በሁለት ጣት አንጠልጥላ፣
ሁሉም ሳሙናዋን ጉንጯ ሥር እንደ ሕፃን አቅፋ።

ከየመጠቅለያው ውስጥ አንዲት ተዋናይ ትወጣ ነበር፤
ከጀርባዋ ማንበብ የማንችለው ጽሑፍ፣ ማንበብ የምንችለው ቁጥር።
አርባውን ላሟላ፣ ይላል ባለሱቁ ሰዒድ ሙቅቢል፣
ከጣራው በገመድ የተሰቀለው አረንጓዴ ብስክሌት ይወርዳል።
ያኔ ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ማለት እግር ነበር፤
እግር የሌለው በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ይቆጥር ነበር።

እህቴ ይርገዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ፤
ሽፍቷ ሲያልቅ ብናኙ ቅንድቧን አሸብቶት፣
በሃያ ዓመቷ የስልሳ ሆና ትገባለች።
ታጥባ ነው እንደገና ሃያ የምትሆነው።
ደመወዝ በወጣ ቀን ሁለት ሳሙና፣ አንዳንዴ ሦስት፤
ቶሎ እንዲያልቅ እኔም ሳልቆሽሽ ታጠብሁ፣
ድመቷም ታጠበች።
እናታችን፣ «ምነው፣ ዓሣ ወለድሁ?» ትላለች።

ስማቸውን ስለማናውቅ ስም አወጣንላቸው።
ቁጥር ሰባት ዓይኗን ግማሽ ከድናለችና «ዓይነ ማዝ»፣
ሃያ ሁለት አበዳሪዋን መንገድ ላይ እንዳገኘች ትስቃለችና «ባለዕዳ»።
አሥራ ሁለት ግን፣ አንገቷን አዙራ በትከሻዋ ላይ የምታየን፣
ስም አልወጣላትም።
ይርገዱ ከእጄ ነጥቃ ነበር የምታያት።

ሠላሳ አንድ ቀረች።
ለወደቡ ልጆች አምስት ድጋሚ በአንዲት ሰጠን፤ ቀረች።
የጎርጎራው ጀልባ ትኬት ቆራጭ፣ «ደልጊ አንዲት ነርስ ጋ አይቻታለሁ» ብሎ ማለ፤
ለነርሷ በእሱ እጅ ሳሙና ላክን። ጀልባው ተመለሰ፣
ሳሙናው አልተመለሰ፣
እሷም ቀረች።

በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ይርገዱ ጋሽ ድልነሣ ፎቶ ቤት ገባች።
ግድግዳው ላይ ባሕር ተስሏል፣ መርከብ ያለበት፣ ዘንባባ ያለበት፤
እውነተኛው ጣና ከጓሮው አርባ እርምጃ፣
ማንም ፎቶ የማይነሣበት።
ሳሙናዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉንጯ ሥር ያዘች፣
አንገቷን አዞረች፣
«አትሳቂ» አላት፤ ሳቀች።
ፎቶው ሲደርስ ዙሪያውን በመቀስ ከረከመች፣
ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም «31» ብላ ጻፈች።

ሰዒድ አውራ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ ቆጠረ፤
ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። እጁ አየር ላይ ቀረ።
ካርዷን አየ፣ እህቴን አየ፣ ካርዷን አየ፤
«ይቺ ደግሞ የት ነው የሠራችው?»
«የማታ ሽፍት» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።
ሚዛኑ ዝም አለ። ዝንቧም።
«ብስክሌቱ የካምፓኒው ነው» አለ ቆይቶ፤ «እኔ የገመዱ ጌታ ነኝ።
ገመዱን እስከ መግሪብ መፍታት እችላለሁ።»

እስከ መግሪብ!
በሐይቁ ዳር መንገድ፣ ፍሬን በሌለው አረንጓዴ፣
እኔ ከኋላ ወገቧን ይዤ፣ ነጠላዋ አፌ ውስጥ እየገባ፣
እስከ ዓባይ ድልድይ፤
ጉማሬ ለማየት የቆሙ ሰዎች ዞረው እኛን አዩ።
ፀሐይ ስትጠልቅ ብስክሌቱ ወደ ጣራው ተመለሰ፤
ሠላሳ አንድ ግን እዚያው ቀረች፣ ከሚዛኑ በላይ፣ በመርፌ ቁልፍ።
«ማስያዣ ናት» አለ ሰዒድ።
የምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ሱቁ ዛሬ የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል።
ሰዒድ ሰንዓ ገባ አሉ። ይርገዱ በሳል ሄደች፤
ብናኙ መጀመሪያ ቅንድቧ ላይ፣ ኋላ ደረቷ ውስጥ አረፈ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጣ፣ አሮጌ ነገር የሚገዛ፣
በነጭ ጓንት ቆርቆሮዬን በረበረ።
«ሠላሳ አንድ ብትኖር» አለ «ዋጋው እጥፍ ነበር።
የትም አላገኘኋት። እርስዎ አይተዋታል? ተዋናይዋ ምን ትመስላለች?»

አይቻታለሁ አልሁት።
አንገቷን አዙራለች፤ ከኋላዋ የውሸት ባሕር አለ፤
ከግራ ቅንድቧ በላይ፣ ታጥባ ያልለቀቀቻት፣
አንዲት የጥጥ ብናኝ።

ልጁ ጓንቱን አውልቆ ጻፈ።